በአለንጋው ጫፍ የታሰረ ጭራ

ያን ቀን አለንጋው የተነሳው በፈረሱ ላይ አልነበረም።

አስማረ ግቢው መሃል ቆሟል፤ ፊቱ ወደ ሚስቱ፣ ጀርባው ወደ ፈረሱ። አይናለም የጋሪውን ጠፍር ዝናብ ላይ ጥላው አድራለች። ረጥቦ የደረቀ ጠፍር ይሰነጠቃል፤ የተሰነጠቀ ጠፍር ጭነት መሃል ይበጠሳል። ይህን ብዙ ጊዜ ነግሯታል። ዛሬ መንገር አልፈለገም፤ እጁን አነሳ። የአለንጋው ጫፍ ወደ ኋላ ሲወረወር የፈረሱን አፍንጫ ነካው። ፈረሱ ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣውን ያውቃል። ዞረና በሁለቱ የኋላ እግሮቹ መታው።

ድምፁ ደረቅ ግንድ ሲፈለጥ የሚሰማው ዓይነት ነበር። አስማረ በግንባሩ ጭቃው ላይ ወደቀ፤ አለንጋው ግን ከእጁ አልወጣም። አይናለም ፊቷን በክንዷ እንደከለለች ቀረች። የአስማረን ጩኸት ስትሰማ ለአፍታ የጮኸችው ራሷ መስሏት ነበር።

ጋምቤላ ሆስፒታል ውስጥ የተሰበረ ዳሌውን በብረት አያያዙለት። ወደ አቦቦ የተመለሰው በፒክአፕ ጀርባ፣ ፍራሽ ላይ ተጋድሞ ነው። ግቢው እንዲታየው አልጋውን በሩ አጠገብ አደረጉለት። ሰው ሊጠይቀው ሲመጣ፣ «ስጠምደው ረገጠኝ» ይላል። አይናለም ለእንግዳው ውሃ እያቀበለች ትሰማለች።

ታናሽ ወንድሙ ወንዳፈረው ሊጠይቅ ሲመጣ ባዶ እጁን አልመጣም፤ ኩዋኒን ከነክላሹ ይዞት መጣ። ኩዋኒ የቀበሌው ሚሊሻ ነው፤ አኙዋክ ነው፤ አማርኛን የለመደው በልጅነቱ ከሰፋሪ ልጆች ጋር ኳስ ሲጫወት ነው።

«ጋሼ፣ ዛሬውኑ ይደፋ» አለ ወንዳፈረው። እናታቸው በሰፈራው መጀመሪያ ዓመታት በወባ ስትሞት ወንዳፈረውን አዝሎ ያሳደገው አስማረ ነው። አሁን ያ ጀርባ ቀና አይልም። ወንዳፈረው ወንድሙን ማየት አልቻለም፤ የሚያየው ፈረሱን ነበር።

ኩዋኒም ፈረሱን ያያል። «ባጃጅ ቢሆን አይረግጥም» አለ። «ባጃጅ ጭቃ ውስጥ ይተኛል፤ አይነሳም፤ ግን አይረግጥም።»

«ከእሱ በፊት ሁለት ፈረስ የዝንቡ በሽታ፣ ገንዲ፣ ገደለብን» አለች አይናለም። «ዝንቡን ችሎ የቆየልን ይሄ ብቻ ነው። በክረምት ከእሱ ጋሪ ሌላ ወፍጮ ቤት የሚደርስ ነገር አለ? እሱ ከሞተ ምን እንበላለን?»

«ሌላ ሰው ይስበርና እንብላ በያ!» አለ ወንዳፈረው።

ለጉዳዩ መላ ያበጁለት ጎረቤታቸው ጋሽ ሙሐመድአሚን ናቸው። ሰፋሪውም የአገሩ ተወላጅም ሲጣላ የሚሄደው ወደ እሳቸው ነው። በዱላቸው መሬቱን እየቆረቆሩ አሰቡ።

«የገበያ ፈረስ ነው» አሉ። «የሚሄደው በሰው መሃል ነው። ገበያ ውስጥ ደግሞ ዱላ ያልያዘ የለም። ዱላ ባየ ቁጥር የሚራገጥ ከሆነ ነገ ልጅ ይገድላል። እስከ መስቀል ጊዜ ይሰጠው። መስቀል ሲያልፍ ሜዳ እናወጣዋለን፤ የማያውቀው ሰው አለንጋ ያሳርፍበታል። አይመታውም፤ ያሳርፍበታል። ከቆመ ይኖራል። እግሩን ካነሳ ኩዋኒ እዚያው ይጨርሰዋል።»

«እስከዚያ ማን ሊያስተምረው ነው?» አለ ወንዳፈረው።

«እኔ» አለች አይናለም።

አስማረ አልጋው ላይ ሳቀ፤ ሳቁ ዳሌውን ስላሳመመው አቋረጠው። «አንቺ? አለንጋ ሲነሳ አንቺስ መች ትቆሚያለሽ?»

ሌሎቹ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ።

የፈረሱ መልክ ዳማ ነው፤ ስሙም ዳማ። ከደምቢዶሎ ሲገዛ ጭራው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ይወርድ ነበር። አስማረ ግን ጭራው ጭቃ እየያዘ ከጠፍሩ ጋር ሲጠላለፍበት ጊዜ በማጭድ ቆረጠው። የተቆረጠው ፀጉር በክር ታስሮ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ዝንብ ማባረሪያ ሊሠራበት ታስቦ ነበር፤ የሠራው የለም።

አይናለም የመጀመሪያ ቀን አለንጋውን ቁልቁል ይዛ በረት ገባች። ዳማ አለንጋውን ሲያይ ራሱን ከግድግዳው ጋር አላተመ። አንድ አጠና ተሰበረ፤ የወጣው ምስማር ትከሻውን ቀደደው። አፉ አረፋ ደፈቀ። ቀሚሷ ተቀዶ፣ ክርኗ ተልጦ፣ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልካ ወጣች። በማግስቱም እንዲሁ ሆነ። ሦስተኛው ቀን ላይ አለንጋውን ገንዳው ውስጥ፣ ፉርሽካው ላይ አጋደመችው። ዳማ ቀኑን ሙሉ አልበላም። ሲመሽ ረሃቡ በለጠበት፤ ከአለንጋው ራቅ ካለው ጫፍ በከንፈሩ እየለቀመ፣ ዓይኑን ከአለንጋው ሳይነቅል በላ።

እንዲህ ሰነበቱ። ቀስ በቀስ አለንጋው በእጇ ሳለ መግባት ቻለች። አንድ ጠዋት ግን ገና ስታጎነብስ ትከሻዋን ነከሳት። ሥጋዋ በጥርሱ መሃል ሲጨፈለቅ ተሰማት። ምን እንደምታደርግ ሳታውቀው አለንጋው ተነስቶ ነበር፤ ግንባሩን መታችው፣ ደገመችው፣ ጆሮውን መታችው። ማንም ፈረስ መምታት አስተምሯት አያውቅም። ክንዷ ግን አሳምሮ ያውቅበታል፤ የተማረው ከሌላኛው ጫፍ ነው።

«እንዲያ ነው!» የሚል ድምፅ ከአልጋው መጣ። «እንዲያ ነው እሱ የሚገባው!»

አለንጋውን ጥላ ወጣች። እጇን በውሃ አሸች። ደም አልነበረበትም፤ ግን ደጋግማ አሸችው።

ከዚያ በኋላ ዳማ በጥላዋም ይደነብር ጀመር። የክረምቱ ዝንብ የመጣው በዚህ መሃል ነው። ክንፋቸውን እንደ መቀስ አጣጥፈው የሚቀመጡት ግራጫ ዝንቦች በረቱን ሞሉት። የእንስሳት ሐኪሙ መርፌ ወግቶታል፤ መርፌ ግን ንክሻ አይከለክልም። ዳማ ሆዱን በኋላ እግሩ ይመታል፤ ጎኑን ከአጠናው ጋር እያፋተገ የራሱን ቁስል ያደማል፤ ደሙ ሌላ ዝንብ ይጠራል። ጉማጅ ጭራው ወደ ግራ ይላል፣ ወደ ቀኝ ይላል። የሚደርስበት ቦታ የለም።

አይናለም በአጥሩ ላይ ተደግፋ ያንን ጉማጅ ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ቤት ገባችና የተሰቀለውን ፀጉር አወረደች፤ ከአለንጋው ጫፍ ጋር በሲባጎ አጥብቃ አሰረችው።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለ አስማረ።

«ምንም።»

«አለንጋዬን ነው እንዴ ቀሚስ የምታለብሺው?»

«የራሱን ጭራ እየመለስኩለት ነው።»

ወደ ውስጥ አልገባችም። ከአጥሩ ውጭ ቆማ አለንጋውን ዝቅ አድርጋ አሾለከችው። ዳማ ጥጉ ላይ ተለጥፎ ይንቀጠቀጣል። ፀጉሩ መጀመሪያ መሬቱን ጠረገ፤ ቀጥሎ የፊት እግሩን። ዳማ አጠናውን ረገጠው። ጠበቀች። እንደገና መሬቱን፣ እንደገና እግሩን። በክንዷ አልሠራችም፤ በእጅ አንጓዋ ብቻ ነው የሠራችው። ክንድ ሲነሳ ለፈረስም ለሰውም አንድ ትርጉም ነው ያለው። ፀጉሩ ደረቱ ሥር፣ ራሱ ሊደርስበት የማይችለው ቦታ ላይ ሲደርስ ዝንቦቹ በአንድ ላይ ተነሱ። የዳማ ቆዳ ተርገፈገፈና ጸጥ አለ።

ነሐሴ ሳያልቅ ዳማ አለንጋውን ሲያይ ወደ አጥሩ ይመጣ ጀመር። አንገቱን ያስረዝማል፤ የላይኛው ከንፈሩ ይንቀጠቀጣል፤ እዚህ ጋ፣ ከጋማዬ ሥር፣ የሚል ይመስላል። ዝንቡን ካባረረች በኋላ የአለንጋውን እንጨት ትከሻው ላይ ጋደም ታደርገዋለች፤ ትርጉሙ «ቁም» ነው። ደረቱን ነካ ስታደርገው ወደ ኋላ ይላል፤ ታፋውን ነካ ስታደርገው ይራመዳል። መነካካቱ ቅጠል ከመውደቅ የከበደ አልነበረም። አንድ ቀን እንጨቱ ሳይኖራት ክንዷን ትከሻው ላይ ብታጋድም እንደ እንጨቱ ቆመላት። ያን ቀን ብቻዋን ሳቀች።

አስማረ ከአልጋው ሁሉንም ያያል። መጀመሪያ ይሳለቅ ነበር። «እሱን ታሽሞነሙኚዋለሽ፤ እኔን ማን ያገላብጠኝ?» ይላል። በኋላ መሳለቁን ተወ። የእጇን አንጓ በዓይኑ ይከተላል።

መስቀል አለፈ። በማግስቱ ከወፍጮ ቤቱ ጎን ያለው የኳስ ሜዳ በሰው ተሞላ። አስማረን ከነአልጋው አወጡት። ኩዋኒ ክላሹን አቀባብሎ ከፈረሱ ጎን፣ ጥይቱ ሰው የማያገኝበትን አቅጣጫ መርጦ ቆመ። አለንጋውን እንዲያሳርፍ የተመረጠው የወፍጮ ቤቱ ኦፕሬተር ነበር፤ ዳማን ከቅርብ ሲያየው ወደ ኋላ አለ።

«ጋሽ ሙሐመድአሚን፣ እኔ ልጆች አሉኝ» አለ።

«እኔ እይዘዋለሁ» አለ ወንዳፈረው። «በረቱ ገብቼ አላውቅም። ፈረሱ አያውቀኝም።»

ጋሽ ሙሐመድአሚን ወደ አስማረ አዩ። አስማረ ሰማዩን ያያል። «ይሁን» አሉ። «ማሳረፍ ነው ግን የተባለው።»

ወንዳፈረው አለንጋውን ተቀበለ። «ይሄ ደግሞ ምንድነው? አለንጋ ነው የተባለው፣ የቄስ ጭራ አይደለም» አለና ፀጉሩን ከነሲባጎው በጥሶ ጣለው። አይናለም የዳማን ልጓም ለቃ እንድትርቅ ታዘዘች። ራቀች።

ወንዳፈረው አለንጋውን የዳማ ትከሻ ላይ አሳረፈ።

ዳማ አንገቱን አስረዘመ። ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ። አንድ እርምጃ ወደ ወንዳፈረው ተጠጋና ከጋማው ሥር ያለውን ቦታ አቀረበለት።

ሜዳው በሳቅ ፈነዳ። «ወንዳፈረው፣ ወደደህ እኮ!» አለ አንዱ። «ሽማግሌ ላክ!» አለ ሌላው።

ወንዳፈረው ፊቱ ጠቆረ። ወንድሙ አልጋ ላይ ነው፤ ይህ ፈረስ ቆሞ ያሽኮረምማል። ክንዱን እስከ ጫፉ አነሳና መታው።

የተገመደው የአለንጋው ጠፍር ቆዳውን ሰነጠቀ። ዳማ ተርገፈገፈ፤ ግን አልሸሸም፤ እግሩንም አላነሳም። አለንጋው መልካም ነገር ይዞ እንደሚመጣ ክረምቱን ሙሉ ተምሯል። ስለዚህ የተሳሳተው እሱ እንደሆነ ሁሉ ይበልጥ ተጠጋ። ወንዳፈረው ደገመው። አንገቱን መታው፤ ዓይኑ ሥር መታው፤ ደም አፍንጫው ድረስ ወረደ። ዳማ እየተንቀጠቀጠ፣ አንገቱን እንዳስረዘመ፣ ተጠጋ።

ሳቁ ቆሟል። አይናለም ዱላን አትፍራ ብላ አስተምራዋለች፤ ከማን ዱላ እንደሚሸሽ አላስተማረችውም። «ሂድ!» ብላ ጮኸች። «ሂድ አንተ! ሽሽ!» ይህን ቃል አያውቀውም።

«ሊነክሰው ነው! ተጠጋው!» አለ ከሰዉ መሃል የሆነ ድምፅ።

ኩዋኒ ክላሹን ትከሻው ላይ አደረገ።

አይናለም ሮጠች። በአፈሙዙና በፈረሱ መሃል አልፋ የዳማ አንገት ሥር ገባች። ሲወርድ የነበረው አለንጋ አልቆመም፤ ከጆሮዋ እስከ አገጯ ተጋደመባት። አፏ በደም ሞላ። ወንዳፈረው ያየው የፈረሱን ደም ይሁን የእሷን አይታወቅም፤ ክንዱ እንደገና ተነሳ።

ያን ቀን እንደነበረው ሆነ፤ አለንጋው በላይዋ፣ ፈረሱ በአጠገቧ። ዳማ ጆሮውን ወደ ኋላ ለጠጠው። ክብደቱን ወደ ፊት ሲያስተላልፍ በጎኗ ተሰማት፤ የኋላ እግሩ ከመሬት እየለቀቀ ነው። እንጨት አልነበራትም። ክንዷን ትከሻው ላይ፣ እንጨቱ ያርፍበት በነበረው ቦታ፣ ቀስ አድርጋ አጋደመች። አልተጫነችውም። አለንጋው ጀርባዋ ላይ ወረደ። ክንዷ አልተንቀሳቀሰም።

የዳማ እግር መሬቱን ነካ። ቆመ።

«አንተ!» አለ ኩዋኒ።

ወንዳፈረው ዞር አለ። አፈሙዙ የሚያየው እሱን ነበር።

«እኔ ፈረስ ተኩስ ተባልኩ» አለ ኩዋኒ። «እግር ካነሳ ተኩስ። ፈረስ ቆሟል። እጅ ያነሳህ አንተ ነህ። አስቀምጥ።»

አለንጋው ሣሩ ላይ ወደቀ። ወንዳፈረው ትንፋሹ እየተቆራረጠ የአይናለምን ፊት አየ፤ አሁን ገና ያያት ይመስል ነበር። «እሷ ናት እኮ መሃል የገባችው» አለ። «ጋሼ፣ አየህ አይደል? ራሷ ናት የገባችው።»

አስማረ ከአልጋው የሚስቱን ጉንጭ አየ።

«ያን ቀንም እንዲህ ነበር» አለ። «እጄን ያነሳሁት በእሷ ላይ ነበር።» ጋቢውን ፊቱ ላይ ሳበው።

ጋሽ ሙሐመድአሚን መጥተው ነጠላዋን ጉንጯ ላይ ጫን አደረጉላት። «ልጄ፣ እሱን መፍቀድ አልነበረብኝም። ፈረሱ ይኖራል፤ የሚከራከር የለም። ካሳሽን ተናገሪ፤ በሽማግሌ ፊት ነው የተመታሽው።»

አይናለም ደሟን ተፋች።

«ካሳ አልፈልግም። የዳማ ቁስል እስኪደርቅ ድረስ ወንዳፈረው በየጠዋቱ ይምጣ። የበጠሰውን ጭራ ራሱ ይሰረው። ዝንቡን በዚሁ አለንጋ ያባርርለት።»

«ቢረግጠኝስ?» አለ ወንዳፈረው።

«ከረገጠህ ኩዋኒን ትጠራለህ። እኔም አልከራከርም።»

«አላህ ያሳያችሁ» አሉ ጋሽ ሙሐመድአሚን፤ እያማረሩ ይሁን እየመረቁ አልታወቀም።

ወንዳፈረው በማግስቱ ጠዋት መጣ። ጭራውን አስሮታል፤ ሲባጎው ተወላግዷል። ዳማ የእግሩን ኮቴ ሲሰማ ራሱን ከግድግዳው ጋር አላተመ፤ የተጠገነው አጠና እንደገና ተሰበረ፤ የደረቀው ደም እንደገና ፈሰሰ። ክረምቱን ሙሉ ከተሠራው ሥራ አንዱም እንኳ አልቀረም ነበር። ዝንቦቹ አንገቱን፣ የዓይኑን ሥር፣ ጀርባውን አልብሰውታል። ወንዳፈረው በሩ ላይ ቆመ።

«ግባ» አለች አይናለም። ጉንጯ አብጦ አንድ ዓይኗ ተዘግቷል። አለንጋውን አልተቀበለችውም፤ እንዴት እንደሚያባርርም አላሳየችውም። ከአጥሩ ውጭ ቆመች።

ገባ። አለንጋውን ሲያነሳ ዳማ በሁለት እግሩ ቆመ፤ የፊት ኮቴው ከወንዳፈረው ራስ በላይ ያለውን ማገር ሰነጠቀ፤ ስንጥሩ ትከሻው ላይ ዘነበ። ወንዳፈረው ጭንቅላቱን ሸፍኖ ተቀመጠ።

«ክንድህን አታንሳ።»

ድምፁ የመጣው ከአልጋው ነው። አይናለም ዞረች። አስማረ በክርኑ ተደግፎ ቀና ብሏል፤ ሕመሙ ጥርሱን አስነክሶታል።

«ክንድህን አታንሳ» አለ እንደገና። «በአንጓህ ብቻ። ከኋላው አትቁም፤ ትከሻው ጋ። መጀመሪያ መሬቱን ጥረግለት። ያየዋል። ከዚያ እግሩን። ካልፈለገ ወደ መሬቱ መልሰው።»

ይህን እሷ አልነገረችውም። ነገር ግን ክረምቱን ሙሉ በሩ ክፍት ነበር።

ወንዳፈረው ተነሳ። አለንጋውን ዝቅ አደረገው። ፀጉሩ መሬቱን ጠረገ። ዳማ አጠናውን ረገጠ፤ ግቢው ተናወጠ። ወንዳፈረው ዓይኑን ጨፍኖ ቆየ፤ ሲገልጠው እዚያው ነበር። እንደገና መሬቱን ጠረገ። ዳማም እንደገና ረገጠ፤ አሁንም አጠናውን እንጂ ሰውየውን አልነበረም።

ፀሐይ የበረቱ ጣሪያ ላይ ስትወጣ ፀጉሩ የፊት እግሩን ነካ። አንዲት ዝንብ ከጉልበቱ ላይ ተነሳች። ወዲያው ሌላ መጥታ ተቀመጠች።

«ሌላ መጣች» አለ ወንዳፈረው።

«ይመጣሉ» አለች አይናለም። የራሷ ጉንጭ ላይ ያረፈችውን በእጇ አባረረችና ቆማ ማየቷን ቀጠለች።